ከሦስቱ በኋላ፦ የአቶ ሞቱማ ገለታ ዜና ሕይወት

ከዚሁ ከሜልበርን ከፍሌሚንግተንና ከሰንሻይን፣ ከሌላም ከተማ በዚህ ብርድ ተነሥታችሁ ወንድማችንን ለመሸኘት የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ጌታ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ መዘምራን እንደሌሉ አይታችኋል። ኪቦርዱም እንደተሸፈነ ነው። ይህ የቤተሰቡ ንፍገት ወይም የአዘጋጆቹ መዘንጋት ሳይሆን አቶ ሞቱማ በሕይወት ሳሉ ያዘዙት ነው። ምክንያቱ ከታሪካቸው መካከል ስለሚገኝ ንባቡ እስኪያልቅ ድረስ በጸጥታ እንድትሰሙ ቤተሰቡ ይለምናችኋል።

አቶ ሞቱማ ገለታ ከአባታቸው ከአቶ ገለታ ዋቅጅራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሚ ቶላ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. በምዕራብ ሸዋ፣ ከጌዶ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። የእርሳቸው ኮርቻ የተጫነበት ፈረስ ገበያ መካከል አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል እየተባለ በአካባቢው ይወራ ነበር። እናታቸው ደግሞ ሰርግ ያለ እርሳቸው አይደምቅም የሚባልላቸው፣ ዜማ ሲያወጡ ሽማግሌው ሳይቀር ከመቀመጫው የሚነሣላቸው ሴት ነበሩ። አቶ ሞቱማ ከአባታቸው የእጅ ትዕግሥትን፣ ከእናታቸው ድምፅን ወረሱ። ሌላ ውርስ አልነበረም። አባታቸውን ተስቦ ወሰዳቸው፤ እናታቸውም ብዙ ሳይቆዩ በወሊድ ምክንያት አረፉ፤ ስለዚህ አጎታቸው ገና የስምንት ዓመት ልጅ የነበሩትን አቶ ሞቱማን በበቅሎ አፈናጥጠው በአምቦ መንገድ ወደሚገኝ የምሕረት ጥላ ወደሚባል የወንዶች ማሳደጊያ ወሰዷቸው። አጎታቸው ሲሰናበቷቸው፣ “ፊደል ትቆጥራለህ፤ ጫማ ታደርጋለህ፤ ምን ትፈልጋለህ?” ብለዋቸው ነበር። ፊደሉም ጫማውም እንደተባለው ተገኝቷል።

ስለዚያ ቤት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጥቂቱ ይበቃል።

አቶ ሞቱማ አማርኛን የተማሩት በዚያ ነው። በአፍ መፍቻው ሲያወራ የተያዘ ልጅ ምሳ አይበላም ነበርና ቶሎ ተማሩ። የቤቱ ኃላፊ ኋላ መጋቢ ተብለው የተጠሩት አቶ ልሳነወርቅ ነበሩ። ልጆቹ “አባባ” እንዲሏቸው ታዝዘው ነበር፤ እርሳቸውም ሊቆጡ ሲሉ የጣታቸውን ቀለበት በጠረጴዛው እንጨት ላይ ቀስ እያደረጉ ያንኳኩ ስለነበር፣ ያ ድምፅ ሲሰማ መቶ ልጅ ትንፋሹን ይይዛል። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ውኃ ይጠራቀምበት የነበረ፣ ከዛገ በኋላ ባዶውን የቀረ የብረት ታንከር ነበር። ጥቅስ ያልሸመደደ፣ መኝታውን ያረጠበ፣ ወይም በጸሎት ሰዓት የሣቀ ልጅ በዚያ ውስጥ ይወርድና መክደኛው ከላይ ይዘጋበታል። ቀን ብረቱ ይፈጃል፤ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ማሳደጊያውን የሚረዱ እንግዶች በመኪና ሲመጡ ታንከሩ ውስጥ ያለው ልጅ አይወጣም ነበር፤ ፊቱ ለእንግዳ የሚታይ አይደለምና። ልጁ ግን የመኪና ድምፅ ሲሰማ ብረቱን በቡጢ ይደበድባል። ያ ድብደባ እንዳይሰማ የልጆች መዘምራን በወጥ ቤቱ በኩል ተሰልፈው ይዘምሩ ነበር።

መሪ ዘማሪው አቶ ሞቱማ ነበሩ።

ከእርሳቸው ጋር በአንድ ብርድ ልብስ የሚተኛ ገብረመድኅን የሚባል ልጅ ነበር። ገብረመድኅን ሣቁን መያዝ የማይችል ልጅ ነበር፤ ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እርሱ አንድ ዓይኑን ገልጦ የጎረቤቱን ፊት ያይና ይፈነዳል። አንድ ቀን በጸሎት መካከል ሣቀ። በማግስቱ እንግዶች መጡ። አቶ ሞቱማ ዜማውን አወጡ፤ መዘምራኑ ተቀበሉ፤ እንግዶቹም ደስ ስላላቸው ይደገም አሉ፤ ተደገመ። ከተደገመም በኋላ ሌላ ጠየቁ። ከታንከሩ የሚመጣው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ከሁለተኛው መዝሙር ማለቂያ በፊት እንደቆመ ከፊት የተሰለፉት ልጆች ሰምተዋል። እንግዶቹ ሲሸኙና መክደኛው ሲነሣ ገብረመድኅን አልተነሣም። በወባ ሞተ ተባለ። ሲቀበር መዘምራኑ እንዲዘምሩ ታዘዙ፤ አቶ ሞቱማ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ዘምረው አያውቁም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከማሳደጊያው ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። ቀን ፒያሳ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ እየሠሩ ማታ ተምረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨረሱ። አሠሪያቸው፣ “ይህ ልጅ ሬዲዮ ሲፈታ ውስጡ ሰው የተዘጋበት ይመስል ይቸኩላል” እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር አቶ ሞቱማ ሣቅ ብለው ያወሩት ነበር። የደርግ ዘመን ሲከፋ እርሳቸውም እንደብዙው ወጣት ታስረው ተፈቱ፤ እንደገና ሲፈለጉም በመተማ በኩል ወጥተው ሱዳን ገቡ። በካርቱም ሬዲዮ እየጠገኑ ሲኖሩ፣ በአንድ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩትን የዛሬዋን ሐዘንተኛ ወይዘሮ ማንተግቦሽ ውቤን ተዋውቀው በ1976 ዓ.ም. በጋብቻ ተጣመሩ።

ሚዜያቸው አቶ ወንድይፍራው ነበሩ። የዚህን ወዳጅነት ልክ ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ሁለቱ በካርቱም በአንድ ክፍል ኖረዋል፤ ከአንድ ጣሳ ጠጥተዋል። አቶ ሞቱማ ወባ ጥሏቸው በነበረ ጊዜ አቶ ወንድይፍራው በጀርባቸው አዝለው በዚያ አሸዋ ላይ ወደ ክሊኒክ አድርሰዋቸዋል። የሰርጉ ዕለት በተዋሱት አኮርዲዮን እየተጫወቱ፣ “ሙሽራው ሆነህ እንኳ አንዲት ስንኝ አትወጣህም? ምን ዓይነት ደረቅ ነህ!” ብለው ቢያስቸግሯቸው፣ አቶ ሞቱማ ከቤት ወደ ውጭ ይዘዋቸው ወጡና ስለ ታንከሩ፣ ስለ ገብረመድኅንና ስለ መዝሙሩ ነገሯቸው። ያን ጊዜ ይህንን ለሙሽራይቱ እንኳ አልተናገሩም ነበር። አቶ ወንድይፍራው አቅፈዋቸው አለቀሱ። አብረው አለቀሱ።

አቶ ሞቱማ በ1981 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከሴት ልጃቸው ጋር ሜልበርን ገብተው በፍሌሚንግተን ፎቆች በአሥራ አምስተኛው ደርብ ላይ ኖሩ። ወንድ ልጃቸውም በዚሁ ተወለደ። ሰንሻይን በሚገኝ የፕላስቲክ ፋብሪካ የከሰዓት ሺፍት ይሠሩ ነበር። በመጡ በዓመቱ አቶ ወንድይፍራውን ስፖንሰር አድርገው አስመጧቸው፤ ቤት እስኪያገኙም ድረስ ሳሎናቸው ውስጥ አስተኟቸው። አንድ ወዳጅ፣ “ሞቱማ፣ ሚዜ እኮ ለሰርግ ነው፤ አንተ ለዕድሜ ልክ ቀጠርከው” ብሎ ሲቀልድ፣ “ባለዕዳው እኔ ነኝ፤ ያዘለኝ እርሱ ነው” ብለው መልሰዋል።

በ1984 ዓ.ም. ሁለቱ ተባብረው በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ በየቅዳሜው የሚተላለፍ የአማርኛ ፕሮግራም ጀመሩ። አቶ ሞቱማ ይጠይቃሉ፣ ያጣራሉ፣ ይናገራሉ፤ አቶ ወንድይፍራው መሣሪያውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ካሴቱን ያስተካክላሉ፣ ሙዚቃውን ይመርጣሉ። አቶ ሞቱማ የማይጥሱት ደንብ ነበራቸው፦ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አንድ ዓይነት ነገር ካልመሰከሩ በስተቀር አንድም ክስ በአየር አይወጣም፤ የተከሰሰውም ሰው አስቀድሞ ተደውሎለት የመልስ ጊዜ ይሰጠዋል። አዲስ ገቢ ስደተኞችን መስኮት በሌለው ጋራዥ እያሳደሩ ያከራዩ የነበሩ ሰዎችን ባጋለጡ ጊዜ፣ በየሱቁ፣ “ሞቱማ መጣ፤ ጋራዥህን ዝጋ!” የሚል ቀልድ ወጥቶባቸው ነበር። ጋራዦቹም በእርግጥ ተዘጉ።

በቤተ ክርስቲያን ከኋላ ተቀምጠው፣ የመዝሙር መጽሐፉን ከፍተው፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ያዳምጡ ነበር። አንዲት እናት፣ “አንተ ሞቱማ፣ ያ ድምፅህ የተሰጠህ ለሬዲዮ ብቻ ነው እንዴ? ለጌታ ምን ቀረ?” ቢሏቸው፣ “እትዬ፣ እናንተ ዘምሩ፤ አንድ ሰው ደግሞ ማዳመጥ አለበት” አሏቸው። ሴትዮዋ ሣቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

በ1987 ዓ.ም. መጋቢ ልሳነወርቅ ሜልበርን መጡ። ምእመናኑ አበባ ይዘው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። የመጡት የምሕረት ጥላን መልሶ ለመክፈት እርዳታ ለመጠየቅ ነበር፤ ቤቱ በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ ነበርና። በመጀመሪያው እሑድ ስብከታቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ቀለበታቸውን በመድረኩ እንጨት ላይ ቀስ አድርገው አንኳኩ። ወይዘሮ ማንተግቦሽ ያን ጊዜ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው ስለነበር፣ እጁ ከእጃቸው ውስጥ በረዶ ሆኖ እንደቀረ ያስታውሳሉ። ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙትም ያን ዕለት ቤት ሲገቡ ነው።

አቶ ወንድይፍራው፣ “ምን እናድርግ?” ብለው ሲጠይቋቸው፣ አቶ ሞቱማ፣ “እንግዳ ነው፤ በፕሮግራማችን ይናገር። አንተ ጠይቀው፤ እኔ አልችልም” አሉ። መጋቢው ቀረቡ፤ በረጋና በጣፈጠ አንደበት ተናገሩ፤ በመጨረሻም፣ “በዚያ ቤት አንድም ልጅ አልቅሶ አላደረም” አሉ። ፕሮግራሙ ሳያልቅ የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ብርሀነ የሚባል የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ታክሲውን ሬስኮርስ ሮድ ዳር አቁሞ ነው የደወለው። “ጋሼ ሞቱማ” አለ፤ “እኔ እዚያ ቤት አድሬያለሁ። አልቅሻለሁ።”

ከብርሀነ በኋላ ፍትዊ መጣ፤ በሰንሻይን አጠገብ በከብት ቄራ ይሠራል። ሁለቱ በተለያየ ዘመን በማሳደጊያው የነበሩና የማይተዋወቁ ናቸው። ሦስተኛው ዕቁባይ ነበር። ዕቁባይ ግን ከአቶ ሞቱማ ጋር በአንድ ዘመን እዚያ ያደገ ነው፤ በሜልበርንም በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ሰላም ሲባባሉ ኖረዋል፤ አንዱ ሌላውን ያውቀዋል፤ ነገር ግን ያንን ቤት አንሥተው አያውቁም ነበር። ዝምታን ካስተማራቸው ቤት የቀራቸው ይኸው ነው።

አቶ ሞቱማ ሦስቱን ለየብቻ ስቱዲዮ አስገብተው ድምፃቸውን ቀዱ። ስማቸው እንዳይነገር ለምነው ነበርና ቃል ገቡላቸው። ለሁሉም ያቀረቡት የመጨረሻ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ታንከሩ ውስጥ ሳለህ ምን ይሰማህ ነበር? ብርሀነ፣ “መዝሙር” አለ። ፍትዊም፣ “መዝሙር” አለ። ዕቁባይ ግን ማይክራፎኑን ሳይሆን ጠያቂውን እያየ፣ “ያንተ ድምፅ” አለ። ከመስተዋቱ ወዲያ ማዶ መሣሪያው ላይ የተቀመጡት አቶ ወንድይፍራው ይህን ሁሉ አይተዋል፤ ሰምተዋልም።

እንደ ደንባቸው ለመጋቢ ልሳነወርቅ ደውለው የሦስቱን ሰዎች ስም ሳይነግሯቸው ክሱን አሰሟቸው፤ የመልስ ጊዜም ሰጧቸው። መጋቢው፣ “እጸልይበታለሁ” ብለው ስልኩን ዘጉ። በማግስቱ የመጣው መልስ ሳይሆን ሽማግሌ ነበር። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አሥራ አምስት ፎቅ በእግራቸው ወጡ፤ አንዱ ሽማግሌ በሩን ተደግፈው፣ “ሞቱማ፣ መጀመሪያ ውኃ፤ ከዚያ እርቅ” እያሉ አሣቋቸው። ከዚያ ግን ሣቁ አበቃ። ሽማግሌዎቹ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ሽማግሌ ከበርህ ገብቶ ከተንበረከከ እሺ ሳይባል እንደማይነሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ልመናቸው አጭር ነበር፦ ነገሩ ለባዕድ ጆሮ ከመድረሱ በፊት በቤት ይታይ፤ የፊታችን እሑድ ከስብከት በኋላ በምእመናኑ ፊት ቆመህ የምታውቀውን ሁሉ ተናገር፤ መጋቢም እዚያው ይመልሱልህ፤ ለዚህ ስትል የዚህን ቅዳሜ ፕሮግራም አቆይልን። ወይዘሮ ማንተግቦሽ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው፣ “ሬዲዮ እኮ ነው፤ በልመና ይዘገያል እንዴ?” አሉ። አቶ ሞቱማ ባለቤታቸውን አዩ፤ የተንበረከኩትን አባቶች አዩ፤ ከጎናቸው ወደተቀመጡት ሚዜያቸውም ዘወር አሉ። አቶ ወንድይፍራው፣ “ለሽማግሌ ጊዜ ይሰጣል፤ አንድ ሳምንት ምን አላት? ካሴቱ እኔ ዘንድ ነው፤ የትም አይሄድም” አሉ። አቶ ሞቱማም፣ “ለእናንተ ስል እሺ” አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነሡና ግንባራቸውን ሳሟቸው። በሕይወታቸው ብዙ ነገር መርምረው የኖሩት ሰው ያንን ቃል አልመረመሩትም፤ ሽምግልና ይመረመራል ብሎ ያስተማራቸው አልነበረምና።

እሑድ መጣ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሦስቱም ሰዎች በየተቀመጡበት ሆነው ይጠብቁ ነበር። ስብከቱ ሲያበቃ አቶ ሞቱማ ተነሥተው ወደ ፊት ሄዱ፤ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መልሰው፣ “ገብረመድኅን የሚባል ልጅ ነበር” አሉ። ከዚያ በላይ አልተሰማም። መጋቢው በመድረኩ ላይ ቀለበታቸውን አንኳኩ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጃቸውን ወደ መዘምራኑ አነሡ፤ ኪቦርዱም ጮኾ ዜማው ተነሣ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ “ሃሌሉያ” እያለ አዳራሹን እስኪያናውጥ ዘመረ። አብዛኛው ሰው ምን እየተደረገ እንዳለ አላወቀም፤ በዚያ ሕዝብ ላይ አይፈረድም። የአቶ ሞቱማ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፃቸው ግን የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከንፈራቸውም ቆመ። ኪቦርዱ ወዳለበት ዞረው አዩ።

በኪቦርዱ ላይ የነበሩት አቶ ወንድይፍራው ናቸው።

በዚያ አዳራሽ ከነበሩት ሰዎች መካከል ያ መዝሙር ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመው ያውቁ የነበሩት ጥቂት ናቸው። እርሳቸው አንዱ ነበሩ። በካርቱም፣ በሰርጉ ዕለት፣ ከሁሉ በፊት የተነገራቸው እርሳቸው ነበሩ።

በማግስቱ አቶ ሞቱማ ካሴቱን ለመውሰድ ሄዱ። ከፍተው ሲያዳምጡት “ሽሽ” የሚል ባዶ ድምፅ ብቻ ሆኖ አገኙት። አቶ ወንድይፍራው ሽማግሌዎቹ ሊሰሙት ወስደውት እንደነበርና እንዲህ ሆኖ እንደተመለሰ ተናገሩ፤ “ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ልትሰነጠቅ ነው አሉኝ። ምን ላድርግ?” አሉ። በዕድሜ እኩያሞች ናቸው፤ ከዚያ ቀን በፊት ጋሼ ብለዋቸው አያውቁም ነበር። አቶ ሞቱማ፣ “ካሴቱስ ይሁን፤ መዝሙሩን ግን እንዴት ቻልከው?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ዛሬም እንደቆመ ነው።

ሦስቱ ሰዎች እንደገና እንቀዳ ብለው መጡ። አቶ ሞቱማ አልፈቀዱም። “አንድ ጊዜ አምናችሁ ድምፃችሁን ሰጣችሁኝ፤ እኔም ጠፋብኝ። ሁለተኛ አልጠይቃችሁም። የቀረው የእኔ ነው” አሏቸው። በቀጣዩ ቅዳሜ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገቡ፤ ሙዚቃ አላስቀደሙም። የማንንም ስም ሳያነሡ ስለ ራሳቸው ብቻ ተናገሩ፦ የት እንዳደጉ፣ ታንከሩ የት እንደነበረ፣ ከውጭ ሆነው ምን ይሠሩ እንደነበር። “እኔ ታንከሩ ውስጥ አልወረድኩም። ድምፄ ያማረ ስለነበር ከውጭ ነበርኩ። አንድ ልጅ ሲያንኳኳ እኔ ዘመርኩ፤ ይደገም ሲሉኝም ደገምኩ። ገብረመድኅን በወባ አልሞተም” አሉ። ቀሪውን ሰዓት በዝምታ ተዉት። ዘወትር ሙዚቃ የሚሰማበት ሰዓት ስለነበር ብዙ ሰው ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት እየመታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ነበራችሁበት። ለጣቢያው አቤቱታ በዛና ፕሮግራሙ ተዘጋ። በቤተ ክርስቲያን አቶ ሞቱማ የሚቀመጡበት ረድፍ ባዶ ሆነ፤ ከሰላምታ ይልቅ በትራም ውስጥ መስኮት ማየት የመረጡ ብዙዎች ነበሩ፤ ልጆቻቸው ለልደት መጠራታቸው ቀረ። ሴት ልጃቸው በእንግሊዝኛ፣ አባባ ምን አጠፋህ ብላ ስትጠይቃቸው፣ “ሰዎች ሲዘምሩ አወራሁ” ብለው እንደመለሱላት ትናገራለች። አንዲት የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሴት ጋዜጠኛ ነገሩን ሰምታ መጥታ ለወራት ስታጣራ ቆይታ አወጣችው፤ የሦስቱን ሰዎች ስም ደጋግማ ብትጠይቃቸውም አልነገሯትም። የምሕረት ጥላ አልተከፈተም። ይህ የእርሳቸው ሥራ ነው። መጋቢ ልሳነወርቅ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ እዚያ ያገለግላሉ ይባላል። ተንበርክከው ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዳቸውም ተመልሰው ያንን ደረጃ አልወጡም። ሊፍቱ ከተጠገነ ቆይቷል።

አቶ ሞቱማ ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ታመው ሲታከሙ ቆዩ። ሦስቱ ሰዎች በየተራ እያስታመሙ አብረዋቸው ከረሙ። በሆስፒታሉ አልጋ ዙሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ቤት ሣቁ፤ ብርሀነ የቀለበቱን ማንኳኳት በሻይ ማንኪያ ሲያስመስል ፍትዊ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አቶ ሞቱማም ነርሷ ደንግጣ እስክትገባ ድረስ ሣቁ። ያን ዕለት ነው ሦስቱም፣ “ከእንግዲህ ስማችን ይነገር” ያሏቸው። እርሳቸውም፣ “እንግዲያው ከቀሪ ቤተሰቤ ጋር ይነበብ፤ ሲነበብ ግን ማንም እንዳይዘምር” ብለው አዘዙ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አቶ ወንድይፍራው ብርቱካን ይዘው መጥተው በክፍሉ በር ላይ ቆሙ። አቶ ሞቱማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አቶ ወንድይፍራው ሳይገቡ ብርቱካኑን ከበሩ ሥር አስቀምጠው ተመለሱ። አቶ ሞቱማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ “ሄደ?” አሉ። ሄደዋል ሲባሉ፣ “እርሱንም አንብቡት። ከሦስቱ በኋላ ግን” አሉ።

ሐምሌ 1990 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በአጠገባቸው እንዳሉ አረፉ።

ትናንት ወደ ቤተሰቡ መጥተው፣ ለሰላም ሲባል የዚህ ታሪክ መካከለኛው ክፍል እንዲዘለል የጠየቁ ነበሩ። ወይዘሮ ማንተግቦሽ፣ “ሽምግልና አንድ ጊዜ ቤታችን ገብቶ ነበር፤ ይበቃናል” ብለው መልሰዋቸዋል። ስለዚህ ምንም ሳይዘለል ተነቧል።

አቶ ሞቱማ ገለታ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማንተግቦሽ ውቤን፣ ሴት ልጃቸውን ያኔት ሞቱማን፣ ወንድ ልጃቸውን ሩቤል ሞቱማን ትተው ሄደዋል። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድሞቻቸውንም ትተዋል፤ ስማቸው ሲጠራ ይቆማሉ። ብርሀነን። ፍትዊን። ዕቁባይንም፤ እርሱ ይህን ሊያነብላችሁ ከመጀመሪያው ቆሟል።

ከሦስቱም በኋላ ሚዜያቸውን አቶ ወንድይፍራውን ትተዋል።

አሁን ማንም አይዘምር።

ጌታ ሆይ፣ ብረት የማይጋርድህ፣ ዜማም የማይሸፍንብህ፣ የሚያንኳኳውን ሁሉ የምትሰማ አንተ ነህና፣ የአገልጋይህን የሞቱማን ነፍስ ከሕፃኑ ከገብረመድኅን አጠገብ በሰላም አሳርፍ። ሣቁንም አትከልክለው። አሜን።